ደዴሳን ያየ እጁን ያውጣ፦ ከነቀምቴ ጊምቢ በሳይክል

(ባለፈው እሑድ በወጣቶች መድረካችን ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ እንድናወጣው ስለጠየቃችሁ እንደተናገረው አቅርበነዋል። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ።)



አስተባባሪዎቹ "ስለ አገር ፍቅር ተናገር" ብለውኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩ። የምጽፈው ሁሉ ገጻችን ላይ ሺህ ጊዜ የተለጠፈ ነገር ሆነብኝና ተውኩት። ስለ አንድ ቀን ነው የምነግራችሁ። ባለፈው ኅዳር እኔና ጓደኛዬ ከነቀምቴ ጊምቢ በሳይክል የሄድንበትን ቀን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ። ደዴሳን በዓይኑ ያየ ማነው? ወንዙን ማለቴ ነው። እጃችሁን አውጡ እስቲ። አንድ፣ ሁለት... አራት። እሺ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ የተመረቀ ዕለት ፕሮፋሉን የቀየረስ? አያችሁ፣ ሳቃችሁ። እኔም ቀይሬያለሁ፣ አልቅሻለሁም። ከአባይ ገባሮች ሁሉ ብዙ ውሃ የሚሰጠው ደዴሳ ነው። ከጂማ በኩል ካሉት ከጎማና ከጉማ ተራሮች ይነሳና ወለጋን ሰንጥቆ አባይ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግድቡ። ቦንድ የገዛንለት ውሃ ማለት ነው። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ወንዙ ከቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። እስከ 25 ዓመቴ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱንም ከአውቶብስ መስኮት፣ በመጋረጃ ቀዳዳ።

ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ፣ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት እዚሁ ገጻችን ላይ ከአንድ ሰው ጋር በኮመንት ስንጨቃጨቅ አደርን። ርዕሱ ወለጋ ነበር። እሱ "ወለጋ ማለት እንዲህ ነው" ይላል፣ እኔ "ተወልጄ ያደግሁበትን አገር ላንተ አልጠየቅም" እላለሁ። ስድቡን ልተወው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት መስመር ጻፈልኝ፦ "እሺ የወለጋ ልጅ፣ ከደዴሳ ማዶ ያየሃቸውን አምስት ከተሞች ጥራ።" ያየሃቸውን ነው ያለው። ስልኬን ይዤ ቀረሁ። ስማቸውንማ አውቃለሁ፣ ያየሁት ግን አልነበረኝም። እሱም እንዳላየ እርግጠኛ ነኝ። ሁለት ያላየን ሰዎች ስላላየነው አገር እስከ ንጋት ስንሰዳደብ አደርን ማለት ነው።

ጠዋት ለጓደኛዬ ደወልኩለት። እዚያ ጋ ከኋላ ተቀምጧል፣ ስለሱ የምናገረውን ሁሉ አስፈቅጄ ነው። አብረን ነው የተመረቅነው፣ በጂኦሎጂ። ሁለታችንም ሥራ እየፈለግን ነው፣ ዝርዝሩን እናንተው ታውቁታላችሁ። እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ፎኒክስ ሳይክል አለው፣ እኔ ደግሞ ካጎቴ ሌላ ፎኒክስ ተዋስኩ። ፎኒክስን የማያውቅ ካለ፣ ማርሽ የለውም፣ ክብደቱ የበሬ ነው፣ ግን ቢወድቅም አይሞትም።

"ሳይክል የፈረንጅ ጨዋታ ነው" የሚል ሰው መንገድ ላይ ብዙ ገጥሞናል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው ሜልቦርን ነው፣ ኅዳር 1949። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን። ገረመው ደንቦባ በግል የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ፣ ቡድኑ 9ኛ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ነው ይሄ። በእኛ ዘመን ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ አለ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን? ይሁን፣ ወደ መንገዱ።

ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮ አድርገን በአራት ቀን ነቀምቴ ገባን፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለነዚህ አራት ቀናት ሌላ ጊዜ። ከጉደር በኋላ ያለው ዳገት ላይ ሳይክሉ እኛን ሳይሆን እኛ ሳይክሉን እንደወሰድነው ብቻ እወቁልኝ።

እናቴ ሳይክሉን በር ላይ ስታየው መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሥራ አገኘህ እንዴ?" ብላ ነው። አላገኘሁም ስላት ዝም አለችና እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችኝ። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ እንደምንቀጥል ስነግራት ግን ውሃውን አስቀመጠችው። "ስንቱ ነው ከመኪና ወርዶ የቀረው? እኔ የወለድኩህ ለፌስቡክ ነው?" አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። ውሸት አይደለማ። ባለፉት ዓመታት ያ መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ነው የኖረው። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሦስት ወር ያህል ስልክና ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር አልተገናኘሁም ነበር። አዲስ አበባ ሆኜ እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ነው የከረምኩት። ስለዚህ አልተከራከርኳትም። አንድ ቀን ሙሉ አረፍን፣ ስለ መንገዱ የሾፌሮችን ወሬ ሰማን። "በዚህ ሰሞን ሰላም ነው፣ ከመሸ ግን አትንቀሳቀሱ" አሉን። በማግስቱ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጭኮና ቆሎ ስታስርልኝ አገኘኋት። ቂም የያዘች ሴት አስተሳሰር ነው ያሰረችው፣ ቋጠሮውን ለመፍታት በኋላ ቢላ ፈልገናል።

ባረፍንበት ቀን ጓደኛዬን ከተማውን አዞርኩት። የኩምሳ ሞረዳን ግቢ አየን፣ የወለጋ ሙዚየምን አየን። ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ ነገርኩት። በልጅነቱ ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1904 ነቀምቴ መጥቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ እስከ ዕለተ ሞቱም እዚያው አስተማረ። መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ቆመና "ኦሮምኛ በግዕዝ? ታዲያ ይሄን ለምን አንለጥፈውም?" አለኝ። እኔም አላውቅም። ፊደሉ የኛ ነው እንላለን፣ ቋንቋው የኛ ነው እንላለን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠውን ሰው ግን አናነሳውም።

የጥቁር አንበሳንም ነገርኩት፣ ይሄኛውን ግን በደንብ እንለጥፈዋለን። በሰኔ 1928 ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው ያቃጠሉት፣ ጄኔራል ማሊዮኮን የገደሉት የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ናቸው፣ በእኛ ዕድሜና ከእኛም የሚያንሱ ልጆች። ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የተማረ ወጣት ነው ይሄን ያደረገው። ግን ሙሉውን እንናገር ከተባለ፣ በዚያው ሰሞን በዚያው አገር የአዲስ አበባን መንግሥት አንፈልግም፣ የእንግሊዝ ጥበቃ ይሰጠን ብለው የፈረሙ የወለጋ ባላባቶችም ነበሩ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ሳይጠይቅ ወለጋን አውቃለሁ የሚል ሰው፣ እኔም ጭምር ማለቴ ነው፣ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። ብርድ ነበር፣ ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። ከከተማው እንደወጣችሁ መንገዱ ወደ ታች ይወስዳችኋል። ምን ልበላችሁ፣ ደስ ይላል። ግራና ቀኝ የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ቢጫው ያላለቀ ኑግ፣ ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች። ሕፃናት ከየቤቱ እየወጡ "ቻይና! ቻይና!" ይሉናል። ጓደኛዬ ሄልሜት አድርጎ ነበር፣ እኔ ግን በናቴ ሻሽ ጆሮዬን አስሬ "ቻይና" ስባል ጊዜ ቆሜ በኦሮምኛ "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አልኩት አንዱን። ደንግጦ አጥር ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ከአጥሩ ጀርባ "ኦሮምኛ የሚችል ቻይና!" ሲል ሰማነው።

እኛ ደግሞ የድንጋይ ሰዎች ስለሆንን ሌላ ነገር እናያለን። ከነቀምቴ ወደ ደዴሳ መውረድ ማለት በዘመን ወደ ኋላ መውረድ ነው። ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ። እየወረዳችሁ ስትሄዱ ያልቅና ከሥሩ ያለው አሮጌው ድንጋይ፣ ግራናይቱና ናይሱ ይወጣል። ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ይሄን አራት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ስለናል፣ ፈተና ላይ መልሰናል። የመስክ ጉዞ በጸጥታ ምክንያት ሲሰረዝ ሲሰረዝ ተመረቅን። አንድ የመንገድ ቁርጥ ላይ ጓደኛዬ ሳይክሉን አስፋልት ላይ ጥሎ ሮጠ። ድንጋዩን በእጁ ይዳስሰዋል። የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን፣ ሾፌሩ ሰዎቹ ምን ነካቸው ሳይል አልቀረም።

አርጆ ጉደቱ ቁርስ በላን። አንጮቴ! አንጮቴ የማታውቁ ካላችሁ አዝንላችኋለሁ። ከመሬት የሚቆፈር ሥራሥር ነው፣ ወለጋ የሚኮራበት። ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ ቅቤ ይደረግበታል። ጓደኛዬ አንድ ሳህን በልቶ ሁለተኛ ሲጠይቅ ባለቤቷ ሳቀችና ሂሳቡ ላይ አላስገባችውም።

ከዚያ በታች ሙቀቱ ጀመረ። ወደ ወንዙ ስትጠጉ አየሩ ሌላ አገር ነው፣ ከነቀምቴ ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ሹራቡ ወለቀ፣ ሻሹ ወለቀ። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። መታወቂያ አሳየን። የፈተሸን ልጅ በኛ ዕድሜ ነው፣ የወላይታ ልጅ።

"የት ነው?"

"ጊምቢ።"

"ለምን ጉዳይ?"

ጉዳይ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ጉዳይ የለንም። "አገር ለማየት" አልኩት። እውነት ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ዓረፍተ ነገር የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብለው ታጨበጭባላችሁ። እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠመንጃ ለያዘ ልጅ ሲነገር ግን የሀብታም ቅብጠት ይመስላል። ሻንጣችንን በተነው፦ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ፖምፓ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ። "ይሄን ለመሥራት ይከፍሏችኋል?" አለ። የለም አልነው። ትንሽ አሰበና "እኔ እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከዚያች ዛፍ አላለፍኩም" ብሎ በእጁ አሳየን። ዛፏ መቶ ሜትር አትርቅም። ስልኩን ጻፈልኝና "ስትገቡ ደውሉልኝ፣ ካልደወላችሁ ያሳስበኛል" አለ።

ከዚያ ድልድዩ። ደዴሳ።

ስለ ድልድዩ ብዙ የምላችሁ የለኝም። ሰፊ ነው፣ ቡናማ ነው፣ በቀስታ ነው የሚሄደው። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። አንዱ ፎቶ ካልተነሳን አለ፣ ድልድይ ላይ ፎቶ ማንሳት ደግ እንዳልሆነ ሌላው አስታወሰው፣ ተውነው። ስለዚህ ፎቶ የለኝም፣ ገጹ ላይ የተለጠፈው ከኢንተርኔት የመጣ ነው፣ ይቅርታ። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። እኛ ከላይ ስንቆም ኬላ አለ፣ መታወቂያ አለ፣ ጉዳይ አለ። ውሃው ግን ጉዳይህ ምንድነው ሳይባል ነው ጉባ ድረስ የሚሄደው።

ከድልድዩ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጓደኛዬ ዝም አለ። መጀመሪያ ሙቀቱ መስሎኝ ነበር። ውሃ ለመግዛት ስንቆም ዞር ይላል። ሰው ሰላም ሲለን ራሱን ይነቀንቃል። እሱ ኦሮምኛ አይችልም። ከነቀምቴ እስከ ወንዙ ድረስ በአማርኛ እየሳቀ ከሁሉ ጋር ሲያወራ የነበረ ልጅ ከወንዙ ማዶ አፉን ዘጋ። አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ ልጠይቀው? ፈርተህ ነው ወይ? እኔ በራሴ ቋንቋ እየተናገርኩ እሱን ፈርተሃል ልለው?

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ የሱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። እሾህ ነው። ጎሚስታ በዚያ አካባቢ የለም። ከመነዳሪውን አወጣን፣ ቀዳዳው አልታይ አለ። አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው መጡ፣ አዩን፣ ምንም ሳይሉ ተመለሱ፣ በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ይዘው መጡ። ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ስንከተው አረፋ አወጣ፣ ቀዳዳው ተገኘ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስናወራ ምን ተምራችሁ ነው አሉኝ። ድንጋይ ስላቸው ሳቁ። "ድንጋይማ እኛም ተምረናል፣ በየዓመቱ ከማሳ እንለቅማለን" አሉ። ከዚያ ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ገቡ። ገበሬ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው፣ ከአምቦ እስከዚያ ድረስ የሰማነው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከጊምቢ ብዙም ሳይርቅ ቢቂላል የሚባል ቦታ አለ። ብረትና ፎስፌት እንዳለበት እኛ ሳንወለድ የተጠና ነው። እኔ ለፈተና የቢቂላልን ድንጋይ ንብርብር ስያለሁ፣ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ፎስፌት ማለት የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው። ገበሬው መሬት ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ግን ዛሬም ከባሕር ማዶ በጂቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ሽማግሌውን "ቢቂላልን ያውቃሉ?" አልኳቸው። "እንዴት አላውቅም" ብለው እጃቸውን ወደ ኮረብታዎቹ ዘረጉ። "ምን አለ እዚያ?" ሲሉኝ ነገርኳቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ታዲያ አንተ እዚህ በሳይክል ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። በክፋት አይደለም። እውነት ለማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ጓዶች፣ በተመረቅሁበት ቀን ጋውን ለብሼ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይሄ ጥያቄ ይበልጥብኛል። መልሱ የማዕድን ሥራ ካፒታል ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሰላም ይፈልጋል የሚል ነው፣ አውቃለሁ። ግን በዚያ ጥላ ሥር አፌ አልወጣም።

ስንሄድ "ነጋን ገላ" አሉን፣ በሰላም ግቡ ማለት ነው። ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ "ገለቶማ" አላቸው። ሽማግሌው እጁን ይዘው አልለቅም አሉት።

ከዚያ ዳገቱ። ወንዙ ጋ ስንደሰትበት የነበረውን ቁልቁለት በሙሉ ነው የምትመልሱት። ጊምቢ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ማርሽ በሌለው ሳይክል ላይ ሆናችሁ ትሞክራላችሁ፣ ጉልበታችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሲኖትራክ አጠገባችሁ እያቃሰተ ሲያልፍ ጭነቱ ላይ የተቀመጡ ልጆች ገመድ ይወረውሩላችኋል፣ ያዙ ይላሉ። አልያዝንም። ልክ ነበርን አልልም፣ እልህ ነው።

ከፍ እያልን ስንሄድ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ቡናው ጀመረ። ኅዳር የቡና ለቀማ ነው፣ በየቤቱ ደጃፍ አልጋ ላይ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ይሄ ቡና በዓለም ገበያ ላይ "ለቀምቲ" ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ በነቀምቴ ስም። ጊምቢዎች ያመርታሉ፣ እኛ ነቀምቴዎች ስሙን እንወስዳለን። እዚያ ስለዚህ ሲቀልዱብኝ ነው የዋሉት፣ እውነትም አላቸው።

ጊምቢ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንዲት ሴት ቡና እያፈላች ነበር፣ ቁጭ አልን። በኦሮምኛ አናገረችኝ፣ ከየት ናችሁ፣ የማን ልጅ ነህ። ጓደኛዬ ስኒውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ሁለተኛውን ስትቀዳ ወደ እሱ ዞረችና በጥሩ አማርኛ "አንተስ፣ ምላስህን ዳገቱ ላይ ጣልከው?" አለችው። ቀና አለ። "አትፍራ ልጄ፣ ቡና ጠጣ" አለችው።

ከዚያ ራሷ ነገረችን። አማርኛ የለመደችው ከጎረቤቶቿ ነው። ወሎዬዎች ነበሩ አለች፣ ልጆቻቸው ከልጆቿ ጋር አብረው ነው ያደጉት። "አሁን የሉም" አለች። ሄዱ ነው ወይ፣ ሌላ ነው ወይ፣ አልጠየቅናትም፣ እሷም አልጨመረች። ሦስተኛውን ቀዳች።

ቶሌ ያለው ጊምቢ ወረዳ ውስጥ ነው። ሰኔ 11 ቀን 2014 እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ይበዙበታል። ገጻችን በየዓመቱ ሻማ ይለጥፋል፣ መለጠፉም ልክ ነው፣ መረሳት የለበትም። ግን በዚያው በወለጋ ምድር ኦሮሞው ልጁን ቀብሯል፣ ጉሙዙም ቀብሯል፣ በ2011 መጀመሪያ ከካማሺ በኩል ተፈናቅሎ ነቀምቴ የገባውን ሕዝብ እናቴ እንጀራ ስታበላ ነበር። ለነሱ የለጠፍነውን ሻማ ፈልጌ አላገኘሁም። ይሄን ስል አዳራሹ ቀዝቀዝ እንዳለ ይታወቀኛል። ይቀዝቅዝ። እኔ ይሄን የምለው ከናንተ የተለየሁ ሆኜ አይደለም፣ ያንን ሌሊት ሲሳደብ ያደረው እኔ ነኝ። ያቺ ሴት ግን የጎደላትን ጎረቤት በብሔር አልቆጠረችም፣ በስኒ ነው የቆጠረችው። "ለቡና ስንት ሰው ነበርን" ነው ያለችው።

ሂሳብ አልቀበልም አለች። ጓደኛዬ ጭኮውን አውጥቶ ሰጣት። ቋጠሮውን በቢላዋ ፈታችና "ይሄን ያሰረችው ተቆጥታ ነው" አለች። እናቴን ሳታያት አወቀቻት።

ጊምቢ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ከሰዓት ገደቡ ቀደም ብለን። ለእናቴ ደወልኩ። አለቀሰች፣ ከዚያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ እግርህን ታጠብ አለችኝ። ከዚያ ለኬላው ልጅ ደወልኩለት። "ገባችሁ? እንዴት ነው ከተማው?" አለ። ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ቡና ቡና ትሸታለች፣ አሁን መብራት በራ፣ ባጃጆች አሉ አልኩት። "ሌላስ?" አለ። ያየሁትን ሁሉ እየዞርኩ ነገርኩት፣ ገበያውን፣ የአድቬንቲስቶቹን ሆስፒታል፣ አንድ ግድግዳ ላይ የተሳለ የአርሰናል አርማ ሳይቀር። ካርዴ እስኪያልቅ አወራን።

ማታ ያንን ሰው፣ የኮመንቱን ሰው፣ ፈልጌ አገኘሁት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "ጊምቢ፣ ኢናንጎ፣ ነጆ፣ ጉሊሶ፣ መንዲ። ያየሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አራቱ ይቀሩኛል። ትመጣለህ?" በማግስቱ በአውቶብስ ስንመለስ፣ ሳይክሎቹ ጣሪያ ላይ ታስረው፣ መለሰልኝ። ሳይክል የለኝም ነው ያለው።

አሁን አለው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ካልፈለገ።

ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጊምቢ ወደ ነጆ እንቀጥላለን። ሾፌሮቹን ጠይቀን ነው የምንወስነው፣ አይሆንም ካሉ አንሄድም። መምጣት የሚፈልግ ካለ ስጨርስ በር ላይ አለሁ። ኦሮምኛ የማይችል ካለ ችግር የለም፣ ጓደኛዬ እየተማረ ነው፣ አሁን እሱ ያስተምራችኋል። ከመነዳሪና ማስቲሽ ግን የየራሳችሁን ያዙ፣ የኔን ጨርሼዋለሁ።